የእህቴ ባላንጣ ምትክ

ሥራዬ የእህቴን ባላንጣ መሆን ነው። ታናሽ እህቴን የቴኒስ ተመልካች «ግድግዳ» ይላታል፤ ወደ እሷ የተመታ ኳስ ሁሉ ይመለሳል። ባላንጣዋ «ችኩሏ» ትባላለች፤ የመክፈቻውን ኳስ ሰርቭ አድርጋ ወደ መረቡ ትሮጥና ነገሩን እዚያው ትጨርሰዋለች። እኔም ጠዋት ጠዋት ከነጢሜ ችኩሏን እሆናለሁ።

እናታችን ልምምዳችንን ባየች ቁጥር ትቆጣለች።

«ልጄን አታሯሩጥብኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«እማዬ፣ ያቺ የቸኮለችው እኮ ሦስት ዋንጫ ነው የለቀመችው።»

ሦስቱንም የወሰደችው ከእህቴ እጅ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሙ የእህቴን ጉልበት አይቶ፣ ከችኩሏ ጋር ካለሽ የፍጻሜ ጨዋታ በኋላ ቴኒስ ይብቃሽ ብሏታል። ሌላ ማንም ቢያሸንፋት ግድ አልነበራትም፤ ችኩሏን አንዴ እንኳ ሳያሸንፉ መውጣት ግን አንገበገባት። ስለዚህ መከርን። ግድግዳነቱን ትታ፣ ልክ እንደ ችኩሏ ወደ መረብ መሮጥ ተለማመደች።

በፍጻሜው ቀን ጉድ ፈላ። እህቴ ወደ መረብ ስትሮጥ፣ ችኩሏ ከኋላ ቆማ ኳስ ትመልሳለች! ለካ እሷም የራሷን ግድግዳ ቀጥራ ስትለማመድ ከርማለች። ሁለቱም በማያውቁት ሙያ ገብተው ሲንደፋደፉ ተመልካቹ ሳቀ፤ እኔ አፈርኩ። የመጀመሪያውን ዙር እህቴ ተሸነፈች። ቦታ ሲቀያየሩ መረቡ አጠገብ ተያዩ።

«እኔን መሆን እንዴት ነው?» አለች ችኩሏ።

«ያደክማል። እኔንስ?»

«ይሰለቻል።»

ተሳሳቁና ማንም ሳይመክራቸው ወደየሙያቸው ተመለሱ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ከዚያ በኋላ እንደታየው ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም፤ አንዷ ባትኖር ሌላዋ እንዲህ አትጫወትም ነበር። በመጨረሻ ችኩሏ ወደ መረብ ስትከንፍ፣ እህቴ ኳሱን በአናቷ ላይ አሳለፈችው። አሸነፈች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ችኩሏ እህቴን አቅፋ፣ «እንግዲህ እኔ ከማን ጋር ልጫወት?» ስትላት ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት እግሬ በልማዱ ሜዳ ወሰደኝ። እህቴ ቀድማኝ መጥታ፣ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«እሷን ሁንልኝ» አለችኝ።

«አሸንፈሻት የለም እንዴ፣ የኔ እህት?»

«አውቃለሁ። ሁንልኝ።»

ሰርቭ አደረግኩና ወደ መረቡ ሮጥኩ። ራኬቴን አንስቼ ጠበቅኩ፤ እህቴ ግን ከአግዳሚው አልተነሳችም። ኳሱ አልተመለሰም።