ከበጎቹ በላይ ያለው ፎቅ

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ባለፎቅ መሆናቸውን ያወቁት ከማዘጋጃ ቤት በመጣ ወረቀት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ድሃ ነኝ ብለው ሲኖሩ እውነቱን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እርግጥ ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ቤት ገማቹ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ የመንዝ ብርድ አንቀጥቅጦት፣ ከደጅ ሳያልፍ «ከላይ ምን አለ?» ሲላቸው «ከታች በጎቹ ያድራሉ፣ ከላይ እኔ እተኛለሁ» አሉት። ሰው ከበጎቹ በላይ ቆጥ ሠርቶ በትንፋሻቸው እየሞቀ እንደሚያድር እዚያ አገር ያላወቀ የለም። ገማቹ ግን የተማረ ሰው ስለሆነ «ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ» ብሎ ጻፈ። የንብረት ግብሩን ለመክፈል በጎቹን አንድ ሳያስቀሩ መሸጥ አለባቸው። በጎቹ ከሄዱ ደግሞ ያን የተከበረ ፎቅ የሚያሞቀው የለም።

ደግነቱ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። «የቅሬታ ሰሚ ጉባኤ ለቤት ባለቤቶች ሁሉ ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል። በሩ ተቆልፎ ስለሚውል ለማንበብ ይመቻል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አራት ጊዜ ተመላለሱ። መጀመሪያ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ፤ ቀጥሎ ማኅተሙ የለም፤ ከዚያ ቅጹ አልቋል። በአራተኛው ቀን ሰብሳቢውም ማኅተሙም ቅጹም ተገኙና መብራት ጠፋ።

በአምስተኛው ቀን ነጠላቸውን አደግድገው ከበሩ ፊት ቆሙና፣ አባቶቻቸው ከዳኛ ደጅ ይጮኹ እንደነበረው «አቤት! አቤት!» ይሉ ጀመር። የገበያ ቀን ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ የግምት ወረቀት የደረሰው ሁሉ አብሯቸው ጮኸ። በመጨረሻ ሰብሳቢው አቶ በኃይሉ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ምን ያስጮኽዎታል? ክፍት ነው እኮ!»

«እንግዲያውስ እንግባ» አሉና ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሕዝቡን አስከትለው ገቡ። እሳቸው ወንበር ላይ፣ ሕዝቡም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

አቶ በኃይሉ መዝገቡን ከደረታቸው ሳያርቁ፣ ለመጣ ሁሉ የሚሰጡትን መልስ ሰጡ፦ «ግምቱ ትክክል ነው። ከአጠገብዎ ካለው ቤት ጋር ተነጻጽሯል።»

«ይነበብልኝ።»

«ምስጢር ነው።»

«አሁን ክፍት ነው አላሉኝም? ጎረቤቴ እኮ እርስዎ ነዎት!»

ሰብሳቢው ይህን ያሰቡበት አይመስሉም። ሕዝቡ «ይነበብ!» ሲል ጸሐፊዋ ሰርካለም መዝገቡን ከእጃቸው ወሰደች፤ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ አነበበች። «አጎራባች ቤት፤ ባለቤት አቶ በኃይሉ። የጭቃ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ ፎቅ የሌለው።»

የአቶ በኃይሉ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ሰማያዊ መስታወቱን ገበያው ሁሉ ያየዋል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«የጽሕፈት ስሕተት ነው!» አሉ ሰብሳቢው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። ወዲያው በወይዘሮ ጥሩሸዋ ወረቀት ላይ «ፎቅ የለውም» ብለው ጻፉ፤ ያ ጠፍቶ የከረመው ማኅተምም ከኪሳቸው ወጣ። «በቃ፣ ተስተካክሎልዎታል። በሰላም ይግቡ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወረቀቱን ሲይዙ እንባቸው መጣ። በጎቻቸው ቀሩላቸው። ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

«የእርስዎንስ ማን ያስተካክለው?»

ሰርካለም አዲስ ቅጽ አወጣች። «አመልካች ማን ልበል?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ።