በማውስ የተመለሰ ወንፈል

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ካለ ወረታ ይምጣና የሩዝ መፈልፈያው በር ላይ የቆመውን ማንንም ይጠይቅ። ከፍሬው እስከ ገለባው እውነት ነው። የምምለውም በትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ አንዲት ዶሮ ከነጎጆዋ ወስዷት ነበር፤ እሷ ግን እንቁላሏን እንደታቀፈች በውሃው ላይ እየተንሳፈፈች ሃያ አንድ ቀኗን ቆጥራ፣ ጫጩቶቿን አስከትላ ማዶ ወጣች። ይህን ባየ ዓይኔ እምላለሁ። ያንን ያመነ ሰው ይህንን ማመን አያቅተውም።

መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከወረታ ወጣ ብሎ ካለው የፎገራ ሜዳ ላይ ይኖራሉ። በበዓል ማኅሌት ይመራሉ፣ በአዘቦቱ ቀን ሩዛቸው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ይገባሉ። የቅኔ መምህራቸው ከሞቱ ወዲህ የመምህሩን መቶ አሥራ ሁለት ቅኔ በቃሉ የያዘ ሰው እሳቸው ብቻ ቀሩ። ይህ አብሮኝ ሊቀበር ነው እያሉ ሲጨነቁ የእህታቸው ልጅ ቢታንያ ከአዲስ አበባ አሮጌ ላፕቶፕ ላከችላቸው። ቢታንያ ፊደል የቆጠረችው እሳቸው እግር ሥር ነውና እስከ ዛሬ የኔታ ትላቸዋለች። ሥራዋ መጻሕፍትን ለማተሚያ ቤት ገጽ በገጽ ማሰናዳት ነው፤ ቤቷ ሆና ትሠራለች። አገሯን ካየች አራት ዓመት ሆኗታል። ከርሞ እመጣለሁ ትላለች፤ ከርሞው ይመጣል፣ እሷ አትመጣም።

መሪጌታ በአንዲት ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ፊደል እየለቀሙ ቅኔውን በሁለት ዓመት ጻፉት። ኋላ ላይ ላፕቶፑ መንቀርፈፍ ሲጀምር ወደ ክንዴ ወሰዱት። ክንዴ ከሩዝ መፈልፈያው ጎን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ስለ ኮምፒውተር የማይሰጠው ምክር የለም፤ ያልጠየቀውንም ይመክራል። ኮምፒውተር ሲያስቸግር አጥፍቶ፣ አሥር ቆጥሮ ማብራት ነው ይላል። ነፃ ነው የሚባል ፕሮግራም እንደ ሰርግ ቤት ነው፣ ስትገባ እልል ይሉልሃል፣ ስትወጣ ነው ጉዱ ይላል። ደህና የሚሠራ ነገር አታዘምን፣ ሳታነብ እሺ የሚለውን አትጫን ይላል። ወረታ ውስጥ ከሁለት ፓስወርድ አንዱ ማርያም ሃያ አንድ ነው እያለም ይስቃል፤ የእሱ ሚካኤል አሥራ ሁለት መሆኑን የማያውቅ ግን የለም።

ክንዴ ላፕቶፑን አጥፍቶ አሥር ቆጠረ። አልሆነም። ስለዚህ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ እንደ አዲስ ጫነለትና ፋይሎቹን መለሰ። መሪጌታ ሲከፍቱት መቶ አሥራ ሁለቱም ቅኔ ባዶ ሳጥን ሆኖ ጠበቃቸው። በየመስመሩ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ያው ሳጥን ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ይህን ያህል ሳጥን ተደርድሮ ማየት ደግ ምልክት አይዶለም አሉ። ክንዴ ላቡ ወረደ። የመከረው ሁሉ ከአፉ ጠፋና ወደ ቢታንያ ደወለ።

ቢታንያ ሰማችና አይዟችሁ፣ ፊደሉ አለ፣ የጠፋው ልብሱ ነው አለች። ከሩቅ ሆኖ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበትን ፕሮግራም ክንዴን አስጫነችው። ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ወጣ፤ አነበቡላት። ፍቀዱ የሚል መጣ፤ ፈቀዱ። ያን ጊዜ የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካት ስክሪኑ ላይ መራመድ ጀመረች። መሪጌታ አማተቡና ወዲያው ማውሱን ያዙ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የእኔን ሩዝ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን አጭዳለሁ ማለት ነው። ወንፈል ሲመጣ ደግሞ ባለ እርሻው እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ማጭዱን ይዞ ከፊት ይሰለፋል። መሪጌታም ልጅቱ ስትሠራላቸው ዝም ብለው ሊያዩ ነው እንዴ? ቢታንያ ቀስቷን ወደ ቀኝ ስትወስድ እሳቸው ልርዳት ብለው ወደ ግራ ይገፋሉ። አንዱ ወደ ርብ፣ አንዱ ወደ ጉማራ እንደሚጎትት ጥማድ በሬ ሆኑ።

«የኔታ፣ እጅዎን ያንሱልኝ» አለች ቢታንያ በስልኩ።

«ባለ እርሻ ቆሞ ያያል እንዴ?»

«ሁለት እጅ አንድ ማውስ ላይ ሲያርፍ ማንም አይሠራም። ያንሱልኝ።»

ሁለቱንም እጃቸውን እንደ ጸሎት ወደ ላይ አነሱ፤ ሥራው እስኪያልቅ አላወረዱም። ቢታንያ የጠፋውን የፊደል ዓይነት ጫነች፣ ቅኔውን ሦስት ቦታ ገልብጣ አስቀመጠች፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ሥራ እንዳልተሠራ ቁጠሩት ብላም መከረች። ሰዓቱ ስድስት ሲሆን የመምህሩ ቅኔ የመጀመሪያ ቤት ፊደሉን ለብሶ ብቅ አለ። መሪጌታ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አቧራ ነው አሉ። ክንዴም አዎ፣ አቧራ ነው አለ።

መሪጌታ ቤታቸው ሳይደርሱ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ቆሙ። የግማሽ ቀን ወንፈል በልተዋል፣ ገና አልመለሱም። የፎገራ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፤ የበላውን ወንፈል ግን አይረሳም። ቢረሳም የሚያስታውሰው አያጣም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሬ ነገሩን ሰምተው በሰባ ዓመትዎ ወንፈል በላ ሊባሉ ነው ብለው ቀለዱባቸው። መሪጌታ ግን ቀልድ ነው ብለው አላለፉትም። የሩዝ አጨዳ ሁለት ወር አልቀረውም፤ ከዚያ በፊት ካልመለሱ በምን ዓይናቸው ሰው ይጠራሉ?

ለቢታንያ ደወሉና ግማሽ ቀን ልሥራልሽ አሏት። ሳቀች። ልጅዎ አይደለሁም ወይ፣ ይተውት አለች። ልጅም ብትሆኚ ማሳሽ የራስሽ ነው አሏት። ሳቋ ሲያልቅ ቁም ነገራቸው መሆኑ ገባትና ቅዳሜ ይሁን አለች።

«ቅዳሜ እርፍ አልይዝም» አሉ መሪጌታ። «ማውስም እርፍ ነው።»

እሑድም አይሆንም። አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ ሃያ አንድ ማርያም ናት። ባዶ ቀን ፈልገው ፈልገው ጥቅምት ሃያ፣ ረቡዕ ተገኘ። ሥራው ለእሳቸው የሚሆን ነበር፤ ሦስት መቶ ገጽ የግእዝ መጽሐፍ እያገላበጡ፣ መስመር የጎደለበትን ገጽ ምልክት ማድረግ። ያን ቀን ጠዋት እሷ ማተሚያ ቤት ስለምትሄድ ፍቀጂ እስክትባል ሳይጠብቁ የሚገቡበት ቋሚ ይለፍ ቃል አዘጋጀች። የማይረሱት ቃል ምንድን ነው ስትላቸው ወንፈል ነዋ አሏት። እሱኑ አደረገችው። ለማንም አይንገሩ ማለት ግን ሳትል ቀረች። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ወንፈልን መሰወር ሩዝ ያለ ውሃ መዝራት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሙ። ድምፃቸው ያለ ማጉያ ጣራ ገዳም ድረስ ይሰማል ይባላል፤ እኔ ሐሙሲት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ረቡዕ የቢታንያ ወንፈል ነው፣ አቅም ያለው ክንዴ ቤት ይምጣ፣ መግቢያው ይህ ነው ብለው የእሷን ኮምፒውተር ዘጠኝ አኃዝ በዜማ ዘለቁት። ቃሉንም ጨመሩ። ሰዉ ሰማ፤ የሰማው ላልሰማው በስልክ ላከ፣ ያም ለሌላው። ቁጥሩ ማክሰኞ አንበሳሜ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የት የት እንደዞረ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ክንዴ ሱቁን ሲከፍት አሥራ ዘጠኝ ገበሬ ወገቡን ታጥቆ፣ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ማጭድም ይዘዋል፤ ምናልባት ቢያስፈልግ ነው። ክንዴ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። የይለፍ ቃል እንደ ጥርስ መፋቂያ ነው፣ ሰው ለሰው አያውሰውም ብሎ መሪጌታን ሊቆጣ ጀመረ። ግን ወንፈል የመጣን ሰው ተመለስ የሚል አፍ እሱም አልነበረውም። እያጉረመረመ ለአሥራ ዘጠኙም ስልክ ፕሮግራሙን ጫነላቸው።

አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንዴ ገባ። ያቺ የቢታንያ ቀስት ያን ቀን ያየችውን መከራ የወረታ ባጃጅም አላየም። ሁሉም ሊረዳ ይጎትታታል። ከመሮጧ ብዛት ላብ አጠመቃት፤ ስክሪኑ ላይ የላቧ ጠብታ ታይቷል። አንድም ገጽ አልተገለበጠም። መሪጌታ ያን ጊዜ የቢታንያ ቃል ትዝ አላቸውና በር ላይ ወጥተው በማኅሌት ድምፃቸው እጅ አንሱ አሉ። ሱቅ ውስጥ ያለው፣ በረንዳው ላይ ያለው፣ መፈልፈያው ግቢ ገለባ ክምር ላይ የወጣውም፣ አሥራ ዘጠኙም እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። የራቀም ካለ ድምፁ ደርሶት አንሥቷል። እሳቸውም አነሱ።

ቀስቷ ግን አልቆመችም።

ቀስ ብላ፣ እንደ ሌባ ድመት፣ አንድ መስኮት ከፈተች፤ ሌላ ከፈተች፤ ቁጥር የተደረደረበት ገጽ አወጣች። ክንዴ ፊቱ ገረጣ።

«ባንኳ ነው» አለ። «ይሄ ከኛ አይዶለም።»

መሪጌታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ወንፈል ልመልስ ብለው የልጅቱን አዝመራ ሊያስበሉ ነው። በወንፈል በላነት ላይ ሌባ አስገቢነት። ክንዴ ኮምፒውተሯን እናጥፋው አለ፤ ለማጥፋት ግን ቀስቷ አንድ ቦታ ማረፍ አለባት፣ ካረፈች ደግሞ የሌባው ናት። ቢታንያ ታክሲ ውስጥ ናት፤ ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት እጅ አንድ ማውስ ላይ ሲያርፍ ማንም አይሠራም። ሁለት እጅ እንዲህ ካደረገ አሥራ ዘጠኝስ?

«እጅ አውርዱ» አሉ። «ጎትቱ። ማንም እንዳያርፍ።»

አወረዱ። የአጨዳውን ዜማ መሪጌታ አነሱት፣ ሰዉ ተቀበለ፤ ሲያዜሙ ቀስቷ ትገለባበጣለች፣ ሲቀበሉ ትዘላለች። ሌባው ወደ ታች ሲላት ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ሲላት ወደ መተማ። ሰውዬው ያለበት አገር ሆኖ ራሱ ዞሮበት ግድግዳ ተደግፎ ነበር ይላሉ። ክንዴ ቤት ያለው ጠረጴዛ ከንቅናቄው የተነሣ በአራት እግሩ እየተራመደ በር ላይ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው ነው። አርባ ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። ክንዴ ሠላሳ ጊዜ ደውሎ በሠላሳ አንደኛው ቢታንያ አነሳች። ከታክሲ ዘላ ወርዳ ቤቷ በሩጫ ደርሳ ገመዱን ከግድግዳ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠፋ። ዜማውም ቆመ።

አንዲት ነገር አልተወሰደባትም። መሪጌታ ስልኩን ከክንዴ ተቀበሉ።

«የኔታ፣ ቁጥሩን ለማን ነው የሰጡት?»

«ለሰው ሁሉ።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ወንፈል በድብቅ ይጠራል እንዴ፣ ልጄ?»

ከዚያኛው ጫፍ የተቆራረጠ ትንፋሽ ተሰማ። መሪጌታ ተቆጣች ብለው ጠበቁ፤ አለቀሰች ብለውም ፈሩ። ሳቅ ነበር፤ እንደ ልጅነቷ፣ ሀሁ ስትሳሳት እንደምትስቀው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። ስትጨርስ ይለፍ ቃሉን ራሷም በማታስታውሰው ረጅም ነገር እንደምትቀይረው ነገረቻቸው። መሪጌታ ገጹ ስላልተገለበጠ ወንፈሌ አልተመለሰም ብለው ሲያዝኑ ክንዴ ስልኩን ነጠቃቸው። ሂሳቡን ተሳስታችኋል አለ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ግማሽ ቀን ለእሷ ሠርቷል። እንግዲህ ባለ ዕዳዋ መሪጌታ ሳይሆኑ እሷ ናት፤ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው።

ቢታንያ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። የፎገራ ልጅ ናትና ወንፈል ምን እንደሆነ ታውቃለች። ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ወርቅ ሲመስል፣ ወረታ መናኸሪያ ወረደች። በአራት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ማጭድ ተሰጣት። ለአሥራ ዘጠኙም በየማሳቸው በየተራ አጨደችላቸው፤ አንድ ነዶ ስታጭድ ሌላው አምስት ያጭዳል፣ ማንም ግን አልቆጠረባትም። ማታ ማታ የሰዉን ስልክ እያየች ፓስወርዱን ሁሉ አስቀየረች፤ የክንዴንም ሚካኤል አሥራ ሁለት ጭምር። መጨረሻ ላይ የመሪጌታን ማሳ አብራቸው አጨደች። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ እንደሚያርም መሪጌታ ከኋላዋ የተረፈውን ቃርሚያ እየለቀሙ ተከተሏት። የመጨረሻው ነዶ ሲታሰር መሪጌታ ቀና ብለው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በዚያ ድምፃቸው፣ ወንፈሉ ተመልሷል፣ ማንም ለማንም የለበትም አሉ። ያኔ ሜዳው እልል አለ።

ይኸውላችሁ። ዶሮዋም እውነት ናት፣ የቀስቷም ላብ እውነት ነው፣ ጠረጴዛውም ዛሬ እንኳ በር ላይ ነው። አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁና ኃጢአቴን ልናዘዝ። መሪጌታ ወንፈሉ ተመልሷል አላሉም። ቢታንያ ጣቷ ውሃ ቋጥሮ፣ ማጭዱን አስቀምጣ፣ የኔታ ጨረስን አይደል ወይ ስትላቸው፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አንዲት ዘለላ አልቀረም። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ገና ነው ልጄ፣ ግማሽ ቀን ይቀርሻል፣ ለከርሞ አሉ።