የኮርኒሱ ዳንቴል

ጋሽ ተክለማርያም በሩን የከፈቱት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነው።

«ጋሽዬ፣ ፎቶ የሚነሳው ቤቱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለች ሮዳስ።

«ቤቱ ውስጥ ያለሁት ማን ሆኜ ነው?»

ሮዳስ ቤት ለሚያከራይ ድርጅት ፎቶ ታነሳለች። ካሜራዋ ከመዳፍ አይበልጥም። ከፊቱም ከኋላውም ሌንስ አለው፤ ወለሉን፣ አራቱን ግድግዳና ኮርኒሱን በአንድ ቅጽበት ያነሳል። ከኋላው የሚቆሙበት ስፍራ የለም። ስለዚህ ካሜራውን በቀጭን እግሩ ታቆምና መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በስልኳ ታዘዋለች። በአሜሪካ፣ በስፕሪንግ ቫሊ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ያልተደበቀችበት መታጠቢያ ቤት ጥቂት ነው።

የዛሬው ፎቶ ግን ለማስታወቂያ አይደለም። ቤቱን ከድርጅቱ የተከራዩት ሽማግሌ ስለሚያፈሰው ኮርኒስ አቤት ብለዋል። ጉዳዩን የያዘችው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከካሜራው በቀጥታ ያልተላከ ፎቶ አልቀበልም ብላለች። ጠዋት የሮዳስ አለቃ ማቲዎስ የመኪናዋን መስኮት ተደግፎ «የሆነ ነገር ፈልጊና ኮርኒሱን ከቨር አድርጊው» ብሏታል። መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ሳሎን ገብታ ቀና አለች። ከሶፋው በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል በስፒል ተወጥሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የአስካል እጅ ሥራ ነዋ፤ ነፍሷን ይማርና። እንግዳ መጥቶ ያንን ጥቁር ነገር አንጋጦ ይይ? ነውር አይደለም?»

ማቲዎስ የፈለገው ሁሉ ተሠርቶ ጠበቃት። የቀራት አንድ ጊዜ መጫን ነበር።

«ጋሽዬ» አለች፣ «ይህን ካነሳሁ፣ ቤቱ ደህና ነው ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ማንም መጥቶ አያድስልዎትም።»

ሽማግሌው ወደ ላይ አዩ።

«ዓመት ሙሉ የጮህኩበትን በገዛ እጄ ሸፈንኩት በይኛ!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ሳሉ ሲለቃቸው ወንበር ጎተቱ። «ነይ፣ ያዢኝ።»

በአየር ማረፊያው ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ተሽከርካሪ ወንበር የገፉ እጆች ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ዳንቴሉ ወረደ፤ ጀርባው ረጥቧል። ሻጋታው ከማዕዘኑ እስከ አምፖሉ ድረስ ታየ።

ሮዳስ ካሜራውን መሃል ላይ አቁማ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«ልደበቅ። ካሜራው ያለውን ሁሉ ያነሳል።»

«የእኔን ጉድ አስገልጠሽ አንቺ ልትደበቂ? ጀግኒት!»

የበሩን እጀታ እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ከዚያ ለቀቀችው፤ ተመልሳም ከጎናቸው ቆመች።

«ከረባትዎን ያስተካክሉ።»

ተጫነች። ላከችው፤ ግልባጩም እንደ ወትሮው ለማቲዎስ ደረሰው።

ገና ካሜራውን ከቆመበት ሳታነሳ ስልኳ ጠራ። ማቲዎስ ነው።

«ምን መሥራትሽ ነው? ኮርኒሱ እንዳለ ይታያል! አንቺ ደግሞ እንደ ሚዜ ከሽማግሌው ጎን ተገትረሻል! አሁኑኑ እንደገና አንሺና ሪፕሌስ አድርጊው፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሺፍት የለሽም።»

«እንደገና አላነሳም» አለች ሮዳስ። «ተቆጣጣሪዋ ማን አነሳው ብላ ከጠየቀች፣ ፎቶው ላይ አለሁ።»

ዘጋችው። የካሜራውን እግር አጠፈች፤ ጋሽ ተክለማርያምን ተሰናብታ ወጣች። መታጠቢያ ቤቱን ገብታ ሳታየው የወጣችበት የመጀመሪያው ቤት ነው።