ባለ ሁለት በሯ መኪና

ባርኮት መኪናዋን የተከራየው ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር፣ እናቱ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ነው። ላንዛሮቴ የምትባለውን የስፔን ደሴትና እሳተ ገሞራዋን በወጉ ለማየት መኪና ግድ ነው ሲሉ ሰማና፣ ከተደረደሩት ሁሉ ርካሿን መርጦ ቡክ አደረገ። አራት ሰው ትይዛለች ይላል። እውነትም አራት ሰው ትይዛለች። ስንት በር አላት ብሎ መጠየቅ ግን ከየት ትዝ ይበለው፤ ልጁ ለንደን ተወልዶ በባቡር ያደገ ነው።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። ባርኮትና የስቶክዌል ሰፈር ልጅ ሶፊያ ከተዋደዱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እሷ ሙስሊም ናት። እናቶቻቸው፣ እትዬ ተናኘወርቅና እትዬ ሰቢሃ፣ ልጆቻቸው «ጓደኛሞች» መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ማንም አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። ሶፊያ ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች። ሁለቱም እናቶች እሺ ካሉ ታገባዋለች፣ አንዳቸው እንኳ እንቢ ካሉ የለችበትም። «እናቴን አስለቅሼ አላገባም» ነው ያለችው። እናም ሁለቱን እናቶች ለእረፍት ይዘዋቸው ሊሄዱና እሳተ ገሞራው ዘንድ ሊነግሯቸው ተማከሩ። ለምን እሳተ ገሞራ ዘንድ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፤ የወጣት ነገር ነው።

እናቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ጋትዊክ ኤርፖርት ነው። እዚያ ተሳሳሙ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ሻንጣ ተሻሙ። ደሴቲቱ ሲደርሱ ያቺ መኪና ቆማ ጠበቀቻቸው። ቀይ፣ ትንሽ፣ ባለ ሁለት በር። ኋላ የሚቀመጥ ሰው ጋቢናውን ወደፊት አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሾልኮ መግባት አለበት። ሁለቱ እናቶች ደግሞ ስድሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴቶች ናቸው።

«እንግዲህ እርስዎ ጋቢና ይግቡ» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ።

«ኧረ ነውር ነው። እርስዎ እያሉ እኔ?»

«እኔ ኋላ ይመቸኛል።»

«እኔን እኮ ፊት ያዞረኛል።»

«በሞቴ።»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይግቡ።»

ቁልፉን ያስረከባቸው ስፔናዊ ጠብ መስሎት ከቢሮው ብቅ አለ። አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ እትዬ ተናኘወርቅ የእትዬ ሰቢሃን ክንድ ይዘው ወደ ጋቢናው ይጎትታሉ፣ እትዬ ሰቢሃም በዚያው ክንድ መልሰው ይገፏቸዋል። በመጨረሻ እትዬ ሰቢሃ ድንገት ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ሾለኩ። ተደላድለው ሳይቀመጡ እትዬ ተናኘወርቅም ተከትለዋቸው ገቡ። ሰው ኋላ ተጣጥፎ እኔ ፊት ብገማሸር ምን እባላለሁ ነው ነገሩ። እዚያ ደሴት ላይ የሚያውቃቸው አንድ ሰው የለም፤ ቢሆንም ምን እባላለሁ። ሁለቱም ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቀሩ። ጋቢናው ላይ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ወጣቷ ሶፊያ ተቀመጠች።

ባርኮት በቀኝ በኩል ሲነዳ የመጀመሪያው ነው። አደባባዩን በግራ ሊዞር ሲል ከኋላው «በስመአብ» እና «ቢስሚላህ» እኩል ተሰማ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ለመደው። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ሣር የለ።

«ያረረ ድስት ይመስላል» አሉ እትዬ ሰቢሃ። ስቶክዌል የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት።

«እንዴት ልክ ብለዋል» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «ልጅዎም እንደ እርስዎ ናት፣ ጨዋ።»

«ኧረ የእርስዎ ነው እንጂ ጨዋ።»

«አይ፣ የእርስዎን የሚያህል የለም።»

ባርኮት በመስታወቱ እያያቸው ጭንቅ ጭንቅ አለው። ሁለት ሴቶች እስከዚህ ከተከባበሩ የልባቸውን መቼ ሊነጋገሩ ነው?

እላይ፣ እሳተ ገሞራው ዘንድ፣ ምግብ ቤት አለ። ከመሬት ውስጥ በሚወጣው ሙቀት ዶሮ ይጠብሳሉ። ጉድጓዱ ላይ የብረት ፍርግርግ አጋድመው ዶሮውን ይደረድሩበታል፤ ከሥር እንጨት የለ፣ ጋዝ የለ። ሁለቱ እናቶች አጎንብሰው አዩ፣ ተደነቁ፣ ፎቶ ተነሡ። ሲቀርብላቸው ግን አንዳቸውም አልነኩትም። እትዬ ሰቢሃ ሀላል አይደለም አሉ፤ እትዬ ተናኘወርቅ ዛሬ ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ አሉ። ሁለቱም ድንች አዘዙና «ይብሉ እንጂ» እየተባባሉ ከአንድ ሳህን በሉ። ባርኮት ይህን ሲያይ ልቡ ሞቀ። ጊዜው አሁን ነው ብሎ ሹካውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ እትዬ ሰቢሃ» አለ። «እኔና ሶፊያ መጋባት እንፈልጋለን። ያለ እናንተ ፈቃድ ግን አናደርገውም።»

እትዬ ተናኘወርቅ የጎረሱትን ድንች ቀስ ብለው ዋጡ። «እኔማ ምን እላለሁ። የሴት እናት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይናገሩ።»

«ኧረ የለም» አሉ እትዬ ሰቢሃ። «የወንድ እናት እያሉ እኔ አፌን አልከፍትም።»

«በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እማ፣ እሺ ነው እንቢ?» አለች ሶፊያ።

«እሳቸው ያሉት ነው» አሉ እናቷ። ከዚያ በላይ ከሁለቱም ቃል አልወጣም፤ ድንቹ ቀዘቀዘ፣ ሒሳብ ተከፈለ።

ተመልሰው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ቁልቁል ወረዱ። ሶፊያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንባዋን ትጠርጋለች። ባርኮት መንዳት አቃተውና ዳር ይዞ አቆመ። እሱና ሶፊያ ወርደው፣ በራቸውን ዘግተው፣ በጥቁሩ ድንጋይ መሐል ራቅ አሉ።

«አለቀ» አለችው ሶፊያ። «እንቢ ማለት ከብዷቸው ነው። ሀበሻ እንቢ ሲል እንዲህ ነው።»

«እሺ ሲልም እንዲህ ነው» አለ ባርኮት።

«ታዲያ ይሄኛው የቱ ነው?»

አላወቀም። ያደገው እሺ እሺ በሆነበት፣ እንቢም እንቢ በሆነበት አገር ነው። እጇን ያዛት፣ አልከለከለችውም። «ለንደን ስንገባ እንለያይ» አለችው። «ይሄ ነገር በቆየ ቁጥር ነው የሚብስብን።» ባርኮት ይህችን ልጅ ካጣ በኋላ ስላለው ኑሮ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አሁን አሰበውና ፈራ።

በዚህ መሐል እናቶቹን ረስተዋቸዋል። ያቺ መኪና ደግሞ ጋቢናውን የሚያጥፍ ሰው ከሌለ ከኋላ የተቀመጠውን አታስወጣም፤ ኋላው በር የለው፣ መስኮቱ አይከፈት። ትዝ ሲላቸው ደንግጠው ተመለሱ። ባርኮት በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሱ መስኮት ክፍት ነበርና ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

«ብከለክላት ትታኝ ትሄዳለች ብዬ እፈራለሁ» ይላሉ እትዬ ሰቢሃ። «ብፈቅድላትም ያው ትሄዳለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ፋሲካን የማሳልፈው ከሱ ጋር ነው። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ካጣሁ ዓመት ሆነኝ።»

«ዓመት? ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ምን ጥያቄ አለው። ስልክ ሲያወራ ድምፁን የሚያለሰልሰው ለማን ሆኖ ነው? አንቺስ?»

«እኔማ ከመጀመሪያው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ በሳቁ መሐል አፍንጫ መጥረግም ነበረበት። ከዚያ እትዬ ሰቢሃ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ።

«እኔና አንቺ እንፍራ» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «እነሱ ይጋቡ።»

ባርኮት ዞሮ ሶፊያን አያት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች፣ ሰምታለች። እዚያው መንገድ ዳር፣ መኪናዋን ተደግፈው ተቃቅፈው ቆዩ፤ ማን እንደሚስቅ ማን እንደሚያለቅስ አይለይም። በኋላ ባርኮት ዓይኑን ጠራርጎ በሩን ከፈተና ጋቢናውን ወደፊት አጠፈላቸው።

«እማዬ፣ ይቅርታ፣ ረሳናችሁ። ኑ ውጡ፣ እግራችሁን ዘርጉ።»

ማንም አልወጣም። እትዬ ሰቢሃ መነጽራቸውን አጥልቀው ስልካቸው ላይ ወሮቹን ይገላልጣሉ፤ እትዬ ተናኘወርቅ አጠገባቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ዝጋው» አሉት እናቱ ቀና ሳይሉ። «ሁዳዴ አለ፣ ረመዳን አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ ገና ቀን አላገኘንም።»