ሚስት የለኝም

ይርሳው ሰባት ዓመት ሙሉ ወንደላጤ ነው፤ በወረቀት ማለቴ ነው። በልቡማ እንደሱ ያገባ ሰው እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማን ብታስሱ አታገኙም። ሚስቱን ማሪቱን ጎንደር ትቷት ከመጣ ጀምሮ አልጋው ላይ የሚተኛው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነው፣ የሷን ቦታ ለቆ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል!

ጥፋቱ የገዛ አፉ ነው። ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል የሚገቡበትን ተራ ሲጠብቁ፣ ነገር አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች "ያላገባ ቶሎ ይጠራል፤ ሚስትህን ኋላ ታስመጣታለህ" አሉት። እሱም የሠርጉ ዳስ ከፈረሰ ገና በስድስት ወሩ፣ መዝጋቢው ፊት ቆሞ "ሚስት የለኝም" አለ። እውነትም ቶሎ ተጠራ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ? ይርሳው ግን አፍስሶ መልቀሙም አልሆነለት። ያቭኔ ከተማ ያለ ጠበቃ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር። ጠበቃው "ወይ ዋሽቼ ገባሁ ብለህ ታምናለህ፣ ወይ ዝም ትላለህ" አለው። ዜግነቴን ይነጥቁኛል ብሎ ፈራና ዝም አለ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ውሸት ግን እያደር ከበደው።

እንዲህ እያለ፣ ቤኤር ቱቪያ ውስጥ ካርቶን በሚጭንበት መጋዘን ወሬ ገባ። ጎረቤት መጋዘን ተቆጣጣሪዎች መጥተው የሥራ ፈቃድ የሌላቸው አራት ሰዎች አገኙና ባለቤቱን በቅጣት አጎበጡት አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ የነይርሳው አለቃ ያኒቭ በማግስቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመሥራት መብቱን በወረቀት ያላረጋገጠ በሩን አያልፍም፤ ሁሉም መታወቂያውንና ሰፈሑን ያምጣ፣ የሠራተኛ ፎርሙንም እንደ አዲስ ይሙላ። ሰፈሕ የሚሉት ከመታወቂያው ጋር የሚሰጠውን ወረቀት ነው፤ የሚስትና የልጅ ስም የሚሰፍርበት። "ሁሉም" ይላል እንጂ መጀመሪያ የተጠራው ማን መሰላችሁ? እኛው ሐበሾቹ ነና! ዜጋ ሆነን እንኳ ቀድሞ የሚጠየቀው መልካችን ነው።

ወረቀቱን የምትሰበስበው ኖያ ናት። ገዴራ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቦካ፣ ግን ሰው አክባሪ ልጅ።

"ያላ፣ አያ ይርሳው፣ ተራህ ነው" አለችና ሰፈሑን ከፍታ አየች። "ኦ! የሚስት ቦታው ባዶ ነው። አላገባህም እንዴ? ገዴራ አክስት አለችኝ እኮ፣ ባል ትፈልጋለች!" ብላ ሳቀች። "በል ፎርሙም ላይ 'ያላገባ' የሚለው ላይ ምልክት አድርግ። ከሰፈሑ ጋር ያልተገጣጠመውን ያኒቭ ራሱ አገር ውስጥ ሚኒስቴር ደውሎ ያጣራል።"

ይርሳው ብዕሩን ያዘ። ባለፈው ሰንበት ማሪቱ በስልክ "ሠላሳ ሦስት ሞላኝ እኮ፣ ይርሳው። አንተ ብትጠብቀኝ ዕድሜዬ አይጠብቀኝም" ብላው ነበር። ያ ቃል ትዝ አለው። ሳቋ ናፈቀው፣ ተኮሳትራ መቆጣቷ ሳይቀር ናፈቀው። ደግሞ ዛሬም፣ በገዛ እጄ፣ የለችኝም ልበል? የመጣው ይምጣ! "ያገባ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ከነአባቷ ጻፋት፦ ማሪቱ ቢሆነኝ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለች ኖያ።

"ሚስት አለችኝ" አላት።

"ቤሰደር፣ እሺ። ነገ ጠዋት ለያኒቭ እሰጠዋለሁ።"

እፎይ! ያን ቀን ካርቶኑ ሁሉ ቀለለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ስልኩ ጠራ፤ ማሪቱ ናት። ሰላምታም የለ፣ እልልታ ብቻ።

"ተጠራሁ፣ ይርሳው! ተጠራሁ! በወንድሜ ፋይል ገብቼ ነበር። ባይሳካ ሁለታችንም አንቃጠል ብዬ ነው የደበቅኩህ። ዛሬ የመጨረሻውን ጥያቄ ጨረስኩ፤ በሚቀጥለው ወር ትበሪያለሽ አሉኝ!"

"ምን ጠየቁሽ?"

"ባል አለሽ ወይ አሉኝ። እንዳንተው 'የለኝም' አልኳቸው። ደጅ ወጥቼ ግን አለቀስኩ። አንተዬ፣ እዚህ ባል የለኝም ስል ኖሬ፣ እዚያ መጥቼ አንተኑ አገባሃለሁ! ደስ አይልም?"

"ደስ ይላል እንጂ" አላት።

ደስታውስ ደስታ ነው፤ ግን ፎርሙ ትዝ አለው። የማሪቱ ሙሉ ስም በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ኖያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያኒቭ ነገ ቢደውል፣ እዚያ "ባል የለኝም" ያለችው ሴት እዚህ ባል ወጣላት ማለት ነው። ከዚያማ ማን ያሳፍራታል? ሰባት ዓመት ዋሽቶ ሳይያዝ፣ እውነት በተናገረበት ቀን ሚስቱን ሊያስቀራት! አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ሲከፍትለት፣ እሱ ወደ መጋዘኑ ይሮጥ ነበር።

ኖያ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በሩ ላይ ደረሰ።

"ፎርሙን መልሽልኝ። ተሳስቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ሚስት የለኝም።"

"ጠዋት አግብተህ ከሰዓት ፈታህ?" ብላ ልትስቅበት ቀና ስትል ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው። ቦርሳዋን አስቀምጣ አዲስ ፎርም ሰጠችው። "ያላገባ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። "ከላይ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው" የሚለው ሥር ፈረመ። የድሮውን ፎርም ልትቀደው ስትል ከእጇ ወሰደውና፣ የማሪቱ ስም ያለበትን ወደ ውስጥ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እንባው እየወረደ ነበር፤ አልጠረገውም።

ኖያ ወንበር ሳበችለት።

"አያ ይርሳው" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሞተችብህ እንዴ?"

"አይ" አላት። "ልትመጣ ነው።"