ሬዚ እጇን ያነሳችበት ቀን

ሬዚን ከከርሊንግ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በከተማችን በፉሰን ይህን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ልጅቷ ጫናውን አልቻለችውም» ይላል። እኔም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አብሬ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ።

ወደ ቡድናችን ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠዋት መነጽር ቤት ሙያ ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ላይ ናት። ከርሊንግ ከባድ ድንጋይ በረዶ ላይ አንሸራትቶ ማዶ የተሳለ ክብ መሃል ማቆም ነው፤ ድንጋዩን ስትለቅ እጇ አይንቀጠቀጥም። ፍጥነቱ እንዳይቀንስ ፊት ፊቱን በረዶውን ስትጠርግለት ደግሞ ያ ሃያ ኪሎ ጉድ ፈርቷት የሚሮጥ ይመስል ነበር። አሰልጣኛችን ኮርቢኒያን ምስጋና ከአፉ በምጥ የሚወጣ ሰው ነው፤ እሷን ግን «ይቺ ልጅ ኦሎምፒክ ትደርሳለች» አላት። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቀናሁ። ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም።

ለአውሮፓ ሻምፒዮና ማን እንደሚያልፍ የሚለየው ጨዋታ ከሀምቡርጎች ጋር ነበር፣ በገዛ አዳራሻችን። የመጨረሻው ድንጋይ የእኛ ነው፤ ክቡ መሃል ከቆመልን አለፍን። የቡድኑ መሪ፣ አዛዣችን፣ ለቀቀችው። እኔና ሬዚ ጎን ለጎን ሆነን በረዶውን እየፋቅን አብረነው ወረድን። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የመጥረጊያዬ ጠርዝ ነካው። ድምፅ አልነበረውም፣ በእጀታው በኩል ግን እጄ ላይ ተሰማኝ።

በእኛ ጨዋታ ዳኛ አይጠበቅም። ድንጋይ የነካ ራሱ እጁን አንስቶ ይናገራል፣ ድንጋዩም ከጨዋታ ይወጣል። ልጆቻችን ገና መንሸራተት ሳይችሉ የሚማሩት ይህንን ነው። እኔ ግን መጥረጌን ቀጠልኩ። ሬዚ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ሦስት እርምጃ አብራኝ ጠረገችና ቆማ እጇን አነሳች።

«እኔ ነካሁት» አለች።

ድንጋዩ ወጣ፣ ተሸነፍን። መጥረጊያዎቻችን ተጠጋግተው ስለነበር የራሷ መስሏት ነው አልኩ በልቤ።

እንደ ልማዳችን አሸናፊዎቹ መጠጥ ገዙልንና አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። የሀምቡርጎቹ አዛዥ ብርጭቋዋን ለሬዚ አነሳች። ኮርቢኒያን ቢራውን እንኳ አልነካም።

«ሐቀኝነቱ ጥሩ ነው» አላት። «መጥረጊያ መያዝ ብትችዪበት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ሬዚ የፖም ጭማቂዋን ይዛ እኔን ታያለች፤ እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬያለሁ። የማንም መጥረጊያ ቢነካው ያው ይወጣ ነበር፣ ውጤቱ አይለወጥም፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ምን ዓይነት ፈሪ ነበርኩ።

በሳምንቱ ሬዚ የቡድኑን ጃኬት አጥባና ተኩሳ መለሰች። ኮርቢኒያን ደንግጦ ቤቷ ድረስ ሄዶ እንድትመለስ ለመናት፤ እሺ አላለችም። በዓመቱ እኔ ለአውሮፓ አለፍኩ፤ ሰባተኛ ወጣን።

ባለፈው መጋቢት የቅርብ ጽሑፍ አልነበብ ሲለኝ ኬምፕተን ከተማ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ልታስተናግደኝ የመጣችው ሬዚ ነበረች።

«ማርጊት፣ አንቺም አረጀሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አስቀምጣኝ አገጬን የዓይን መመርመሪያው መደገፊያ ላይ አሳረፈችልኝ። ፊት ለፊት ተያየን፤ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«ሬዚ፣ ያን ቀን ድንጋዩን የነካሁት እኔ ነኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች መሣሪያውን እያስተካከለች። «አይቼሽ ነበር እኮ።»

«ታዲያ እጅሽን ለምን አነሳሽ?»

«ያንቺን እጅ ጠበቅኩ፣ አልነሳ አለ። ድንጋዩ እየሄደ ነው፤ ምን ላድርግ፣ በሰው ፊት ላዋርድሽ? ጠረጴዛው ላይ ትናገራለች አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ትደውላለች ስል ሰነበትኩ።»

«እኔ እኮ ኮርቢኒያን ስላሳቀብሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

«የሱንማ ምላስ ለምጄዋለሁ። ካንቺ ጎን ቆሜ መጥረግ ነው ያቃተኝ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ግን ማርጊት፣ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ጨዋታውን እኮ በጣም እወደው ነበር።»