ሙሉነህ ኤል ዬሮ ላይ የጨመረው ሰው

ጄኔቫ ውስጥ ሙሉነህን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ገና ከአውሮፕላን ያልወረደ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግማሽ አዲስ አበባን ብቻውን ዞሮ ቆጥሯል፤ ሳይቆጠሩ የቀሩት ድመቶቹ ብቻ ናቸው። አሁን «ለሊኞን» በሚባለው፣ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ የሚደርስ ሰው ጢም አብቅሎ በሚገባበት በዚያ ሕንፃ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ ያስተረጉማል። የስፔን ደሴቶች ላይ ሐበሻ የጫነች ጀልባ ስትደርስ የሚደወለው ለእሱ ነው።

የዚያን እሁድ የእድር ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው ምሳ በልተዋል፤ እሱም አፉን ከፍቷል።

«ካናሪ ደሴቶች ማለት ሁለት ሚሊዮን ከምናምን ሕዝብ ነው! ትንሿ ኤል ዬሮ አሥራ አንድ ሺህ ቢኖራት ነው። በአንድ ዓመት በጀልባ የገባባት ግን የነዋሪዋ እጥፍ! ማን አነጋገራቸው? እኔ!»

በሩ በርግጫ ተከፈተ። ፌኔት ናት፤ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን መጋዘን ውስጥ የምትሠራ፣ ከዙሪክ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባቡር ላይ ጥርሷን ስታፋጭ የመጣች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የአንዲት ልጅ ፎቶ ነው፤ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል፣ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል።

«እህቴ ናኒ ናት፣ ጋሼ ሙሉነህ። ኤል ዬሮ ስትወርድ ያስተረጎሙላት እርስዎ ነዎት። ሳትጠይቅዎት ስምዎን ነግረዋታል።»

«ታዲያ አገለገልኩ እንጂ ምን በደልኩ?»

«2001 ተወለድኩ ስትልዎት 2001 አሉ! በእኛ አቆጣጠር የነገረችዎትን ሳይለውጡ በእነሱ አስመዘገቡት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሃያ አራት ሆነች፤ ከአዋቂዎች ጋር አስገቧት፤ እዚያ ያሉት ስልኳን ሊቀሙ በብረት ሰበሯት። ነገ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ተሳስቻለሁ ብለው ካልፈረሙ እዚያው ትመለሳለች።»

ሙሉነህ ዙሪያውን አየ። ሁሉም እሱ ፎርም የሞላላቸው ናቸው።

«ሙሉነህ ቁጥር አይስትም» አለ።

ጥፊዋ ሮን ወንዝን ተሻግሮ ተሰማ። ከነወንበሩ ተገለበጠ፣ ከንፈሩም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተተረተረ። ተነስቶ በሁለት እጁ ገፈተራት፤ የብርጭቆ ቁም ሣጥኑ ላይ ስታርፍ ጄኔቫ በሙሉ የተሰበረች መሰለ። እሷ ግን ክርኗ እየደማ ተመልሳ አንገቱን አነቀችው።

«አንተ ውሸታም! በየትኛው አቆጣጠር ልንገርዎት ብላህ ነበር!»

ብላዋለች። «ለእኔ ተዪው» ብሎ ስቆ ነበር። ትንፋሹ እያጠረው ወደ ፎቶው ዞሮ አየ።

«ልቀቂኝ። ወረቀት አምጡ» አለ።

ያኔ ጡረተኛው ደጀኔ እንደ ነብር ዘለለ። «ትፈርምና! የእኔንም የሞላኸው አንተ ነህ! በዚሁ ስህተት እኮ ነው ስምንት ዓመት ቀድሜ ጡረታ የወጣሁት። አንዱን ካመንክ የሁላችንንም ይበረብራሉ!»

ሙሉነህ ያነሳውን እስክሪብቶ ሊቀማ ጣቱን ሲጠመዝዘው ቀጭ አለ። ሙሉነህ ጮኸ። ፌኔት የብረት ድስቱን ከነወጡ አንስታ ደጀኔ ትከሻ ላይ አሳረፈችው፤ ቀይ ወጥና ደም ተቀላቅሎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ደጀኔ ተንከባሎ ሶፋው ሥር ገባ፤ የቀሩት በሩን ተጋፍተው ወጡ።

ሙሉነህ በግራ እጁ በስፓኒሽ ጻፈ፣ ፈረመ። ፌኔት ፎቶ አንስታ ለናኒ ጠበቃ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ዳኛው ከአስተርጓሚው ከራሱ አንደበት መስማት ይፈልጋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደወላል።

«እንግዲያው ከዓይኔ አይጠፉም። ይነሱ» አለችው።

ጣቱን በፎጣ ጠቅልሎ ከኋላዋ ተከተላት። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ከአጠገባቸው ተነሳ። እስከ ዙሪክ በደህናው እጁ የናኒን ዕድሜ ደጋግሞ ቆጠረ።

ዲቲኮን፣ የፌኔት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እሷ ከንፈሩን እያየች ቆመች።

«አስተርጓሚው እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ» አለ፣ ያበጠ ከንፈሩን እየጎተተ። «ልጅቷ አልዋሸችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»